የጓሮ አትክልት በደጅ ቢተከል ነውር ነው?



በየሥልጠናው ሳይነሳ የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ። የሚነሳው ግን በአዳራሹ ውስጥ ሳይሆን ለሻይ ስንወጣ ነው፤ አንዲት እናት ቀረብ ብላ ዝቅ ባለ ድምፅ “ጎመን በደጅ ብተክል ሰው ይስቅብኛል?” ትለኛለች። ቋንቋችን ራሱ መልስ የሰጠ ይመስላል። ስሙ “የጓሮ አትክልት” ነው፤ ጓሮ ማለት ደግሞ የቤት ጀርባ ነው። ደጅ እንግዳ የሚቀበሉበት የቤቱ ፊት ነው። ጎመንንም እንደ ድሃ ምግብ ስለምናየው ከሰው ዓይን ዞር ማድረግ ልማድ ሆኗል።

መልሴ አጭር ነው። በደጅ መትከል ነውር አይደለም፤ በእኛ አካባቢ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ትክክለኛው ቦታ ደጁ ነው። ነገር ግን ደጁን በሙሉ መያዝ የለበትም። ሁለቱንም ላስረዳ።

ጓሯችን ጥላ ነው

ከሚዛን እስከ ቴፒ ባለው አገር የአንድ አርሶ አደር ጓሮ ምን ይመስላል? ቡና አለ፣ እንሰት አለ፣ ሙዝና ጎደሬ አለ፤ ከላያቸው ዋንዛ ወይም ሰሳ ተዘርግቷል። ቡናና ኮረሪማ ጥላ ስለሚወዱ ይህ ለእነሱ መልካም ነው። ጎመን፣ ቆስጣና ካሮት ግን በቀን 6 ሰዓት ያህል ፀሐይ ካላገኙ በደንብ አያድጉም። በጥላ ሥር የተተከለ ጎመን ግንዱ ቀጥኖ ይረዝማል፣ ቅጠሉ ይሳሳል። “ዘሩ መጥፎ ነው” ብላችሁ የመለሳችሁልን ብዙ ጊዜ ዘሩ ሳይሆን ቦታው ነበር። በብዙዎቻችን ግቢ ፀሐይ የሚያገኘው መሬት ከቤቱ ፊት ያለው ብቻ ነው።

የአንድ ቤተሰብ ነገር

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ቀበሌ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። የአንዲት እናት ልጅ በጤና ኬላ ክንዱ ሲለካ መለኪያው ቢጫው ላይ አረፈ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ መከረቻት፤ እኔም ደጇ ላይ መደብ እንድታዘጋጅ ነገርኳትና ሄድኩ። በሁለተኛው ሳምንት ስመለስ ችግኙ ተነቅሏል። የነቀሉት አማቷ ናቸው።

“አባቴ፣ ለልጅ ልጅዎ እኮ ነው” አልኳቸው።

“ልጄ፣ ለልጁ መሆኑ መቼ ጠፋኝ?” አሉኝ። “ነገ ሰው ቢሞትብን ድንኳኑን የት ልንተክል ነው? ለቀስተኛው ጎመን ላይ ይቀመጥ?”

አፈርኩ። እኔ የለካሁት ፀሐዩን ብቻ ነበር፤ እሳቸው የጠበቁት የቤታቸውን ወግ ነው። ገመድ አምጥተን አብረን ለካን። ድንኳን የሚቆምበትን፣ የቡና ማድረቂያ አልጋውን ቦታና ከበር እስከ መንገድ ያለውን መተላለፊያ ለየን። ከዚያ በኋላም በአጥሩ ዳር ለሁለት መደብ የሚበቃ ቦታ ተረፈ። ችግኙን መልሰው የተከሉት እሳቸው ናቸው። ልጁም አገግሟል፤ ጎመኑ ብቻውን አዳነው ግን አልልም። ክትትሉም እንቁላሉም ነበረበት።

ለምን እንጨነቃለን?

“በጎመን የተደለለ ጉልበት ዳገት ላይ ይለግማል” ይባላል፤ እውነት ነው። ጎመን ጉልበት አይሆንም፤ የቆጮን፣ የበቆሎንና የጎደሬን ቦታ አይተካም። እነዚህ ግን ሆድ ይሞላሉ እንጂ ለዓይን፣ ለደምና ለበሽታ መከላከያ የሚያስፈልገውን በበቂ አይሰጡም። ቫይታሚን ኤ የጎደለው ልጅ ሲመሽ ማየት ይሳነዋል፤ ዳፍንት የምንለው ነው። በ2011 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። አገራችን በለምና በምድሩ እርጥበት የታደለች ሆና ልጆቻችን ከዚህ ቁጥር ውስጥ መግባታቸው ሊያሳፍረን ይገባል፤ የሚያሳፍረው ጎመኑ አይደለም።

ሌላም ምክንያት አለ። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ የዝንጅብል አጠውላጊ በሽታ ምን እንዳደረገን ታስታውሳላችሁ። ገቢውን ሁሉ በዝንጅብል ላይ የጣለ ቤተሰብ ገበያ ወጥቶ አትክልት የሚገዛበት ገንዘብ አጣ። ለሽያጭ የምናመርተው ሊከዳን ይችላል፤ የደጁ መደብ ግን ገንዘብ ባልተያዘበት ቀንም ወጥ ይሆናል።

እንዴት ይሠራ?

1. የመደቡ ስፋት 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 5 ሜትር ይሁን። ከሁለቱም ጎን እጅ ስለሚደርስ መደቡን አትረግጡትም።
2. ዝናባችን ብዙ ስለሆነ መደቡን ከመሬት 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉ፤ ዙሪያውን ውሃ የሚወርድበት ቦይ አውጡለት። ውሃ እንዳይተኛ ተጠንቀቁ፤ የተኛ ውሃ የወባ ትንኝ መራቢያ ነው።
3. በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት ደባልቁ። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል።
4. ጎመን በ50 ሴንቲ ሜትር ርቀት በሁለት መስመር ሲተከል በአንድ መደብ 20 እግር ይይዛል። የታችኛውን ቅጠል ብቻ እየለቀማችሁ እምቡጡን ተዉት፤ ለወራት ይመግባችኋል።
5. ከቤቱ ግድግዳ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ራቁ። እባብ እንዳይጠጋ ደጁን መመንጠር የአባቶቻችን ጥበብ ነው፤ አትተዉት።
6. ዶሮና ፍየል እንዳይገባ አጥሩት። ቡናው ላይ ፀረ አረም ስትረጩ ነፋሱ ወደ መደቡ የሚነፍስ ከሆነ አቁሙ።
7. ዝንጅብል የጠወለገበት መሬት ላይ ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ድንች አትትከሉ። የዚያ ተህዋስ ዝርያዎች እነዚህንም ያጠቃሉ።

በከተማ የምትኖሩ አንድ ነገር ያዙ፤ ከአጥር ውጭ ያለው የመንገድ ዳር የሕዝብ ነው። ከማዘጋጃ ቤት ሳትጠይቁ አትቆፍሩ።

ሐሜቱ የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ ፍሎሪዳ አንዲት ትንሽ ከተማ እንደ ፈረንጆቹ በ2013 በደጅ አትክልት መትከልን ከልክላ፣ 17 ዓመት ሙሉ ያለሙ ባልና ሚስት በቀን 50 ዶላር ቅጣት ሲያስፈራራቸው አትክልታቸውን ነቀሉ። እነሱ ግን ተሟገቱ፤ በ2019 የግዛቲቱ ሕግ እንዲህ ያለውን ክልከላ አነሳ። እኛን የከለከለን ሕግ የለም፤ ያለብን የጎረቤት ዓይን ብቻ ነው። እሱም የመጀመሪያው ወጥ ሲሸት ችግኝ ሊለምን ይመጣል።

አሁን የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ፀሐይ በወጣበት ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ እኩለ ቀን 6 ሰዓት ላይ እና 9 ሰዓት ላይ ደጃችሁ ቁሙ። ሦስቱንም ጊዜ ፀሐይ ያረፈበትን ቦታ በችካል ምልክት አድርጉበት። ከዚያ የቤቱን ሽማግሌ ጠርታችሁ “ድንኳናችን የት ነው የሚቆመው?” ብላችሁ ጠይቁ። ከሁለቱ መልስ የተረፈው መሬት መደባችሁ ነው።