የቫኒላው ጠርሙስ

(ጉርድ ሾላ፣ በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

የሒሳብ ክፍል ስለ ኬክ ምን አገባው እንዳትሉን። ነገሩን ያገኘነው ከወጪ መዝገባችን ነው።

ባለፈው ወር የግዢ ደረሰኞችን ስናመሳክር "ቫኒላ" የሚለው ዕቃ በሁለት ዋጋ ተመዝግቦ አገኘን። አንዱ በትንንሽ ወረቀት የታሸገው ዱቄት ነው። ሌላው ከውጭ የመጣ ፈሳሽ ሲሆን ዋጋው ብዙ እጥፍ ነው። ለምን ይህን ያህል ተወደደ ብለን ጠርሙሱን አዙረን ብናነብ፣ በደቃቅ ፊደል 35 በመቶ አልኮል ይላል። መጋገሪያ ክፍል አብራን የምትሠራ ሙስሊም እህታችን አጠገባችን ቆማ ነበር። ምንም አልተናገረችም፤ ሽርጧን ፈታ ወጣች። ለዒድ የሸጥነውን ኬክ ያዘዙት የእሷ ጎረቤቶች ነበሩ፤ ትእዛዙንም ያመጣችልን እሷው ናት። ኬኩ ደግሞ ተበልቶ አልቋል።

ጠርሙሱ የተጭበረበረ ዕቃ አይደለም። የቫኒላን ጣዕም ከፍሬው የሚያወጣው አልኮል ስለሆነ፣ በአሜሪካ ሕግ "ቫኒላ ኤክስትራክት" ተብሎ ለመሸጥ ቢያንስ 35 በመቶ አልኮል ሊኖረው ግድ ነው። እንግዲህ "እውነተኛው ይሻላል" ብለን የገዛነው እውነተኛው ነው ጉድ የሠራን።

"እሳት ያተነዋል" ያላችሁን አላችሁ። እኛም እንደዚያ ይመስለን ነበር። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ያወጣው ሰንጠረዥ ግን ሊጥ ውስጥ ገብቶ ከተጋገረው አልኮል ከ15 ደቂቃ በኋላ 40 በመቶ፣ ከ30 ደቂቃ በኋላ 35 በመቶ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንኳ 25 በመቶ ይቀራል ይላል። እናስላው፦ አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ነው፤ በውስጡ 1.75 ሚሊ ሊትር አልኮል አለ። ግማሽ ሰዓት ከጋገርነው 0.6 ገደማ ይተርፋል። ክሬሙ ላይ የጨመርነው ግን እሳት ስለማያየው አብዛኛው ይቀራል።

ታዲያ ይቺ ጠብታ ማንን ታሰክራለች? ይህንን የጠየቁን ክርስቲያን እህቶቻችን ናቸው፤ መልሱንም ራሳቸው ሰጡ። በሁዳዴ የጾም ኬክ ገዝተን በልተን፣ ሻጯ "አንድ ማንኪያ ቅቤ ብቻ ናት" ብትለን ምን ይሰማናል? ከዚያ ወዲህ ማንም አልተከራከረም። በሀገራችን ሙስሊምና ክርስቲያን የሥጋ ገበታ ይለያያሉ፤ ዳቦና ብስኩት ግን አብረው ሲበሉ ኖረዋል። እኛ የምንሸጠው ያንኑ አብረን የምንበላውን ስለሆነ ነው ነገሩ የከበደን።

የሰፈራችንን ኡስታዝ ጠይቀናል። ብዛቱ የሚያሰክር ጥቂቱም አይፈቀድም የሚለው መሠረት እንዳለ ሆኖ፣ ስለ ቫኒላ ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት አላቸው፤ የሚያቀሉም፣ የሚከለክሉም አሉ። መፍረድ የእኛ ሥራ አይደለም። የእኛ ሥራ ውስጡ ምን እንዳለ ለገዢው መናገር ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ እንንገራችሁ። ብላክ ፎረስት በጀርመን አሠራር የቼሪ አረቄ ይገባበታል፤ እኛ ጋ በስኳር ሽሮፕ ይበቃል። ቲራሚሱ ብዙ ጊዜ ሮም ወይም ማርሳላ የሚባል ወይን አለው። በሮም የተዘፈዘፈ ዘቢብም አለ። ድፎ ዳቦ ስናቦካ የጠላ ድፍድፍ ጠብ የምናደርግ ካለን፣ ለሽያጭ በሚሆነው ይቅርብን። ሊጡ በእርሾ ሲቦካ በራሱ የሚያወጣው ጥቂት አልኮል ግን ሌላ ነገር ነው፤ እንጀራም ያወጣል፤ ማንም መጠጥ ብሎት አያውቅም። ደግሞ "ሹገር አልኮል" የሚል ብታነቡ አትደንግጡ፤ ሶርቢቶልን የመሰለ ማጣፈጫ ስሙ ብቻ ነው አልኮል፣ አያሰክርም። መለያው ላይ መፈለግ ያለባችሁ "ኤታኖል" ወይም "ኢታይል አልኮል" የሚለውን ነው። ፕሮፒሊን ግላይኮል ወይም ግሊሰሪን ብቻ ካለ ጣዕሙ የተሟሟው በአልኮል አይደለም። ተቀድቶ የሚሸጥ፣ መለያ የሌለው ጠርሙስ ከእንግዲህ አንገዛም።

አሁን የምንሠራው በቫኒላ ዱቄት፣ በብርቱካን ልጣጭና በሄል ነው። ሄሉን ያመጣችው ያቺው እህታችን ናት፤ በሦስተኛው ቀን ተመለሰች። ከእሷ ጋር ሰባቱንም ቤት ዞረን ነገርናቸው፣ ገንዘባቸውንም እንመልስ አልን። አራቱ ገንዘቡን እንቢ አሉ፤ ሁለቱ ተቀበሉ። አንዷ እናት ግን በር ላይ ቆመው ሰምተውን፣ "እሺ" ብለው ዘጉት። እስካሁን አላዘዙንም። የተመለሰውን ገንዘብ በመዝገብ ላይ ኪሳራ ብለን ይዘነዋል። ደረሰኝ የለውም፤ ኦዲት ኮሚቴያችን ይቅር ይበለን።

በቀጣዩ ቅዳሜ ከቤታችሁ የመጋገሪያ ጠርሙሶቻችሁን ይዛችሁ ኑ። መነጽር ያላችሁም እንዳትረሱ፤ ፊደሉ በጣም ደቃቅ ነው።