ስለ አፈር ሕይወትና ስለ እርሻ ሥራ የተደረገ ንግግር



በዚህ በዓል ስለ ደብሩ ታሪክ ብዙዎች ስለ ተናገሩ፥ እኔ ስለ አፈር ጥቂት ቃል እናገር ዘንድ ፈቃዳችሁ ይሁን። ኢዮቤልዩ የሚለው ስም ራሱ ከመሬት ዕረፍት ጋር የተያያዘ ነው፤ በኦሪት ምድሪቱ በየ7ኛው ዓመት፥ ደግሞም በ50ኛው ዓመት ሳትዘራ እንድታርፍ ታዝዞላት ነበርና። የአገራችንም ገበሬ ሳይታረስ የከረመውን መሬት «ጦም አደረ» ይለዋል።

አፈር በሕይወት የተመላ ነው። ከለም መሬት በጣት ጫፍ ብናነሣ፥ አንድ ግራም በምትሆነው በዚያች ቁንጥር እስከ 1 ቢሊዮን የሚደርሱ ባክቴሪያ የሚባሉ ረቂቃን ተሐዋስያን ይገኙባታል። ከእነርሱም ጋር እንደ ሸረሪት ድር የቀጠኑ የፈንገስ ክሮች አሉ። እነዚህ የወደቀውን ቅጠልና ገለባ እየበሉ ያበሰብሳሉ፤ ለሥሩ ምግብ ያዘጋጃሉ፤ አፈሩንም እንደ ሙጫ አያይዘው ዝናብ የሚጠጣ ስፖንጅ ያደርጉታል። ይህን ለማየት ከቅጥሩ ውስጥ ከጽዱና ከወይራው ሥር አንድ እፍኝ፥ ከቅጥሩም ውጭ ካለው ማሳ ሌላ እፍኝ አፈር አንሥቶ ማስተያየት ይበቃል። በደቡብ ጎንደር የአብያተ ክርስቲያናትን ደን የመረመሩ ሊቃውንትም የደኑ አፈር በአጠገቡ ካለው እርሻ ይልቅ ብስባሽ የበዛበት መሆኑን አግኝተዋል።

እንግዲህ ማሳው ስለ ምን ደኸየ? አንደኛው ምክንያት ማረሻው ነው። ለጤፍ መሬቱ 4 እና 5 ጊዜ ይታረሳል፤ ዘሩ እጅግ ደቃቅ ነውና ገበሬውን በዚህ አልነቅፈውም። ነገር ግን በታረሰ ቁጥር የፈንገሱ ክር ይበጠሳል፤ አየርም በብዛት ስለሚገባ ተሐዋስያኑ ብስባሹን ቶሎ ይጨርሱታል። ከዚያ በኋላ የሐምሌ ዝናብ በልሙ አፈር ላይ ሲወርድ ጎርፍ ይዞት ይሄዳል። ለባቄላና ለአተር ግን ይህን ያህል መደጋገም አያስፈልግም።

ከማረሻው የሚብሰው እሳት ነው። በሸዋ ደጋ አንዳንድ ስፍራ ጓሉን ከምረው፥ ኩበትና ደረቅ ሣር ከታች አግብተው አፈሩን ያቃጥሉት ነበር። ገብሱ ለአንድና ለሁለት ዓመት እጅግ ያምራል፤ ዳሩ ግን የተቃጠለው ብስባሹና ናይትሮጅኑ ስለ ሆነ፥ መሬቱ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ጦም ማደር ግድ ይሆንበታል። በየቤታችን ምድጃ የሚነደው ኩበትም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ለማሳው ይገባ የነበረው ፍግ በጢስ ይወጣል። እናቶቻችን እንጨት ቢያገኙ ኩበት ባልጠፈጠፉ ነበርና ወቀሳው በእነርሱ ላይ አይሁን። በዳገቱና በማይታረሰው ስፍራ ባሕር ዛፍ ቢተከል ፍጉን ያድናል፤ ከማሳና ከምንጭ አጠገብ ግን ውኃ ስለሚሻማ ይራቅ።

ስለ ጥራጥሬ ደግሞ አንድ ድንቅ ነገር ልንገራችሁ። ከምንተነፍሰው አየር 78 ከመቶ የሚሆነው ናይትሮጅን ነው፤ ሆኖም ስንዴም ጤፍም ከአየር ሊወስዱት አይችሉም። አባቶቻችን ከባቄላ በኋላ የተዘራ እህል እንደሚያምር በልምድ ያውቁ ነበር፤ ምክንያቱን ግን በ1886 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሔልሪገልና ዊልፋርት የሚባሉ ሁለት የጀርመን ሊቃውንት ገለጡት፤ በ1888ም ቤየሪንክ የሚባል የሆላንድ ሰው ባክቴሪያውን ለይቶ አወጣው። ይህ ባክቴሪያ በባቄላው ሥር ገብቶ ትንንሽ እባጭ ይሠራል፤ ከተክሉ ስኳር እየተቀበለ የአየሩን ናይትሮጅን ለተክሉ ምግብ አድርጎ ይሰጠዋል።

ባቄላው ሲያብብ አንዱን ግንድ ከነሥሩ በቀስታ ቆፍራችሁ አውጡ፤ እባጩንም በጥፍር ሰንጥቁት። ውስጡ ቀላ ብሎ ከተገኘ ሥራው ደኅና ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን ሥራ ላይ አይደለም። አዝመራውም በደረሰ ጊዜ ባቄላውን ከነሥሩ ከመንቀል ይልቅ በማጭድ አጭዶ ሥሩን ለመሬቱ መተው ይሻላል። በቅጥራችንም ዙሪያ ተጠርጎ የሚቃጠለው ቅጠል ከዛሬ ጀምሮ ተመልሶ ከዛፎቹ ሥር እንዲፈስ አስተዳዳሪውን አባታችንን በትሕትና እለምናለሁ።