ስለ ሽጉጥ ቀለህ ሳቢ አገጣጠምና አስተካከል
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



የምናገረው ስለ አንድ ትንሽ ብረት ነው። ብረቱ የሽጉጥ ቀለህ ሳቢ ነው። መጠኑ አነስተኛ ይሁን እንጂ ባለ መሣሪያው «ሽጉጤ ባዶ ነው» ሲል ቃሉን የሚያጸናው ወይም ሐሰት የሚያደርገው የዚህ ብረት አገጣጠም ነው።

በአገራችን የታወቀውን ማካሮቭን ለምሳሌ እንውሰድ። ይህ ሽጉጥ በኒኮላይ ማካሮቭ ተነድፎ በሶቪየት ጦር ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1951 ተቀባይነት ያገኘ ነው። ቀለህ ሳቢው በተንሸራታቹ ብረት ቀኝ ጎን በውጭ በኩል ይቀመጣል። የሚይዘው ብሎን የለውም፤ ከኋላው ያለ ገፊ ዘንግ በትንሽ ሞላ ኃይል በቦታው ያጸናዋል፤ መንጠቆውንም ወደ ውስጥ ያጋድለዋል። ተንሸራታቹ ወደ ኋላ ሲሄድ መንጠቆው የቀለሁን ከንፈር ይዞ ይስባል፤ ወርዋሪው በግራ በኩል ሲመታው ቀለሁ በመንጠቆው ላይ ዞሮ በቀኝ መስኮት ይወጣል።

አሁን አንድ ነገር ልብ እንበል። በማካሮቭ ተንሸራታቹ ከአፈሙዙ ቱቦ ጋር አይቆለፍም። ጥይት ሲተኮስ የጋዙ ግፊት ራሱ ቀለሁን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ መንጠቆው ቢደክምም ሽጉጡ ለጊዜው ደኅና የሚሠራ ይመስላል። ያልተተኮሰ ጥይት ለማውጣት ተንሸራታቹ በእጅ ሲሳብ ግን የሚረዳ ጋዝ የለም። መንጠቆው ከሳተ ካዝናው ወጥቶ፥ ተንሸራታቹም ተስቦ፥ ጥይቱ በማደሪያው ውስጥ ይቀራል። አደጋው ይህ ነው።

ይህን የተማርሁት ከራሴ ስሕተት ነው። በሙያው ጀማሪ ሳለሁ ጥይት አልጎርስ ያለ ሽጉጥ ተሰጠኝ። ጥፋቱ የመንጠቆው ነው ብዬ ጫፉን በሞረድ ሞረድሁት። ሽጉጡ ያለ ችግር ጎረሰ፤ እኔም ተደሰትሁ። መምህሬ ባሩድና ማቀጣጠያ የሌለው የመለማመጃ ጥይት አቀባብለው፥ ካዝናውን አውጥተው፥ ተንሸራታቹን ሳቡት። ምንም አልወጣም። «እንግዲህ ይህ ሽጉጥ ባዶ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ሳቢው ሲፈታ ከሥሩ የደረቀ ቅባትና ጥላሸት ተገኘ፤ ችግሩ በመጥረግ ብቻ የሚወገድ ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ የሥራው ቅደም ተከተል እንደሚከተለው ቢሆን እመክራለሁ። በመጀመሪያ ካዝናው ይውጣ፤ ማደሪያው በዓይንም በጣትም ይመርመር፤ እውነተኛ ጥይት ከሥራው ጠረጴዛ ይራቅ። ሁለተኛ፥ ገፊው ዘንግ በቀጭን ካቻቢቴ ወደ ኋላ ተገፍቶ ሳቢው ይፈታ፤ ሞላው እንዳይፈናጠር በእጅ ይሸፈን፤ ቦዩም ይጽዳ። ሦስተኛ፥ መንጠቆው በአጉሊ መነጽር ይታይ፤ ጠርዙ የተሸረፈ ከሆነ በአዲስ ይለወጥ። አራተኛ፥ ሳቢው ከተገጠመ በኋላ በጣት ሲገፋ ሳይነክስ ሄዶ በራሱ ኃይል መመለስ አለበት። አምስተኛ፥ የመለማመጃ ጥይት ከመንጠቆው ሥር ገብቶ ተንሸራታቹ በቀስታ ሲወዛወዝ ጥይቱ መውደቅ የለበትም። ከወደቀ አስቀድሞ ሞላው ይለወጥ። ከልክ ያለፈ ጠንካራ ሞላም መድኃኒት አይደለም፤ የጥይቱ ከንፈር ወደ መንጠቆው እንዳይገባ ያግዳልና።

አዲሱ ሳቢ በእርግጥ ማስተካከል የሚያሻው ከሆነ፥ የሚነካው የጥይቱ ከንፈር የሚገባበት የታችኛው ጠርዝ ብቻ ነው፤ እርሱም በሞረድ ሳይሆን በደቃቅ የዘይት ድንጋይ፥ በየጥቂቱ እየተፈተነ ይለስልስ። ቀለሁን የሚስበው ገጽ ፈጽሞ አይነካ። የተነሣ ብረት አይመለስም። ሁሉ ተስተካክሎ ቀለሁ አሁንም ቢጣበቅ፥ ሳቢውን ትተን በማደሪያው ውስጥ ዝገትና ሻካራነት እንፈልግ።

በመጨረሻም፥ ሥራችንን ለባለቤቱ ስናስረክብ አንድ ቃል እንጨምር፦ ሳቢው ምንም ያህል ቢስተካከል፥ ተንሸራታቹን መሳብ ብቻውን ማረጋገጫ አይደለም፤ ማደሪያውን በዓይን ማየት ያስፈልጋል። ይህን መንገር ከጥገናው ሥራ የሚለይ ሳይሆን የጥገናው ፍጻሜ ነው።