በሮታ ክትባት ውስጥ የተገኘው ያልተጠራ እንግዳ

ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቃታል፤ ነርሷ የስድስት ሳምንቱን ሕፃን ጉንጭ ጫን አድርጋ አፉ ውስጥ ቀስ እያለች የምትጨምርለትን ፈሳሽ። የሮታ ክትባት ናት። ሮታሪክስ የሚባለው ክትባት አገራችን የገባው በ2006 ዓ.ም. ነው፤ ሕፃናትን ከከባድ ተቅማጥ ይጠብቃል።

ከዚያ ቀደም፣ እ.ኤ.አ. በማርች 2010፣ አሜሪካ ውስጥ ይኸው ክትባት ለጊዜው እንዳይሰጥ ተመክሮ ነበር። የሳን ፍራንሲስኮ ተመራማሪዎች በአዲስ የዘረ መል ምርመራ ሲፈትሹት የአሳማ ቫይረስ አገኙበት፤ ሰርኮቫይረስ ይባላል።

አሳማና የሕፃን ክትባት ምን አገናኛቸው? የክትባቱ ቫይረስ የሚራባው በሴሎች ውስጥ ነው፤ ሴሎቹ ደግሞ በማሳደጊያ ዕቃ ላይ ተጣብቀው ነው የሚያድጉት። ለማላቀቅ ትሪፕሲን የተባለ ኢንዛይም ይጨመራል። ትሪፕሲን ከአሳማ ቆሽት ይወጣል። ጥርጣሬው እዚያ ላይ አረፈ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ዋናውን መድኃኒት ሁሉም ይፈትሻል፤ ረዳቱን ግን ማን ዞር ብሎ ያየዋል! እ.ኤ.አ. በ1942 የአሜሪካን ወታደሮች የጎዳውም ረዳት ነበር። የቢጫ ወባው ክትባት እንዳይበላሽ ተብሎ የሰው ሴረም ተጨመረበት፤ ከሴረሙ ጋር ሄፓታይተስ ቢ ገባ፤ 50,000 ያህል ወታደሮች በወፍ በሽታ ተያዙ።

ዛሬ ከደም ለሚሠሩ መድኃኒቶች መላ አለ። በሙቀት ይታከማሉ፣ የቫይረሱን የስብ ሽፋን በሚያሟሟ ኬሚካል ያልፋሉ፣ እጅግ ደቃቅ ቀዳዳ ባለው ማጣሪያ ይጣራሉ። አምራቹም በቤተ ሙከራ ሆን ብሎ ቫይረስ ይጨምርና ምን ያህሉ እንደጠፋ ለክቶ ያሳያል። ከሁሉም እኔን ያስደነቀኝ ይህ ፈተና ነው፤ ጠላትን ጋብዞ አጥርን መፈተሽ ማለት ነውና።

የሮታ ክትባት ግን ራሱ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው። በሙቀት እናጽዳው ቢባል ክትባቱም አብሮ ይሞታል። ስለዚህ ትልቁ ጥበቃ ያለው መግቢያው ላይ ነው፤ ሴሉን፣ ኢንዛይሙን፣ ሴሉ የሚያድግበትን ፈሳሽ ሁሉ አስቀድሞ መመርመር።

እ.ኤ.አ. በሜይ 2010 ክትባቱ እንዳይሰጥ የሚለው ምክር ተነሣ። ቫይረሱ ሰውን እንደሚያሳምም የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም፤ ይህ ዓይነቱ አሳማውን ራሱን እንኳ አያሳምምም። ተቅማጡ ግን በዓለም ላይ በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናትን ይገድል ነበር። ቫይረሱ ይጎዳ አይጎዳ ገና ሳይታወቅ ጉዳዩ ለሕዝብ በግልጽ መነገሩ፣ በእኔ እምነት፣ ትክክል ነበር። አምራቹ ደግሞ ከባድ ሥራ ቀረው፦ ቫይረሱ የገባው ገና ክትባቱ ከሚራባበት የመጀመሪያ የሴል ክምችት ስለነበር፣ ከዚህ ቫይረስ ነጻ የሆነ ክትባት ለማውጣት ከሥር ጀምሮ እንደገና መሥራት ነበረበት።