የጓደኛን ድርሰት ስለ ማረም
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናገርበት የመረጥሁት ጉዳይ ትንሽ ይመስላል፤ ይኸውም ጓደኛችን የጻፈውን ልብ ወለድ ታሪክ ሲያነብልን ምን ብለን እንመልስለት የሚለው ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ጓደኛዬ በድርሰት ክበባችን አጭር ታሪክ አነበበ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ በተቀየሰው፣ 390 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆነው የባቡር መስመር ላይ፣ አንድ ባቡር ከነገ ተነሥቶ ዛሬ ሐራ ይደርሳል። የጫነውም ነገ የሚጻፉ ደብዳቤዎችን ነው። አንዲት እናት ልጅዋ ገና ሳይታመም መታመሙን ከደብዳቤው ታነባለች። እኔም ንባቡ እንዳለቀ ብድግ ብዬ «ባቡር ከኮምቦልቻ ይመጣል እንጂ ከነገ እንዴት ይመጣል?» አልሁ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ጓደኛዬ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ከዚያ ወዲህም አንድ ታሪክ እንኳ አላነበበልንም።

የሚያሳፍረኝ ማሳቄ ብቻ አይደለም። የታሪኩን እውነተኛ ጉድለት አይቼ ነበር። ደብዳቤውን ያነበበችው እናት በመጨረሻው ገጽ የልጅዋን መታመም እንደ አዲስ ወሬ ሰምታ ትደነግጣለች። ይህን ብነግረው ኖሮ በአንድ ማታ ያቃናው ነበር። እኔ ግን የሚያስቀውን ተናግሬ የሚጠቅመውን ዋጥሁት።

በሐሳብ ለተፈጠረ ታሪክ «ይህ ሊሆን ይችላልን?» የሚለው ጥያቄ ብዙ አይረዳም። የሚረዳው «ይህ ሆነ እንበል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውስ እርስ በርሱ ይስማማልን?» የሚለው ነው። ፈረንሳዊው ዡል ቬርን በፈረንጅ 1865 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ሰዎችን በመድፍ ወደ ጨረቃ አስወንጭፏል። እንዲህ ያለው ተኩስ በውስጡ ያለውን ሰው እንደሚገድል የፊዚክስ መምህራችን ያስረዱናል፤ መጽሐፉ ግን እስከ ዛሬ ይነበባል።

የእርማትን ወግ ለመማርም ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በዚሁ በሰሜን ወሎ ያለችው ዋድላ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር በቅኔ ትምህርት ስሟ የታወቀ ነው። የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምራል። ገለል ብሎ ብቻውን ይቆጥራል፤ ከዚያም ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ያሰማል። መምህሩም የተሰበረውን ይጠግኑለታል። የሚታረመው ቅኔው ነው እንጂ ልጁ አይደለም።

እንግዲህ ሰሚዎች በሆንን ጊዜ አስቀድመን ልባችንን የያዘውን ስፍራ እንንገር፤ ቀጥለን ግራ የተጋባንበትን ለይተን እናሳይ። «ጥሩ ነው» ብሎ ማለፍም እርዳታ አይደለም፤ ጸሐፊውን ባዶ እጁን ይሰደዋልና። ጸሐፊዎች በሆንን ጊዜ ደግሞ ሳንከራከር እናዳምጥ። ጽሑፋችን በሌላ አገር ሲነበብ ከአንባቢው አጠገብ ቆመን «እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነው» ልንል አንችልም። ሦስት ሰዎች በአንድ ስፍራ ከተሰናከሉ በመንገዱ ላይ ድንጋይ አለ፤ ድንጋዩን እንዴት እንደምናነሣው የምንወስነው ግን እኛው ነን።

ባለፈው ሳምንት ጓደኛዬን ከቤቱ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ስለ እናቲቱም የታየኝን ነገርሁት። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «እንግዲያስ ማንበብ የማትችል ላድርጋት፤ ደብዳቤውን የሚያነብላት የጎረቤት ልጅ አዝኖላት ክፉውን ወሬ ይዝለለው» አለኝ። እኔ ይህን አላሰብሁትም ነበር። ወረቀቱንም አልጣለውም ኖሯል።