ስለ ቆሽት ብግነትና ሕመሙ ካለፈ በኋላ ስለሚቀረው ጥገና



ዛሬ የምናገረው በቍጣ ጊዜ ካልሆነ በቀር ስሙን እምብዛም ስለማናነሣው፣ ከጨጓራ በስተኋላ ተሰውሮ ስለሚኖረው ብልት፣ ስለ ቆሽት ነው። ቆሽት ሁለት አገልግሎት አለው፤ በአንድ ወገን የበላነውን የሚፈጭ ኃይለኛ ጭማቂ ወደ አንጀት ይልካል፣ በሌላ ወገን የደማችንን ስኳር የሚያስተዳድረውን ኢንሱሊን ወደ ደም ያፈስሳል። ጭማቂው እንደ ሥርዓቱ አንጀት ሳይደርስ በዚያው በቆሽቱ ውስጥ ሥራውን የጀመረ እንደ ሆነ ግን፣ ለምግብ የተዘጋጀው ኃይል የገዛ ማደሪያውን ይፈጃል፤ ሐኪሞች የቆሽት ብግነት የሚሉት ደዌ ይህ ነው። ከመነሻዎቹ ዋነኞቹ የሐሞት ጠጠርና የመጠጥ ብዛት ሲሆኑ፣ ወስፋት ባልጠፋበት አገር ደግሞ ትሉ ከአንጀት ወጥቶ ወደ ሐሞትና ወደ ቆሽት ቦይ በመግባት ደዌውን የሚያስነሣበት ጊዜ አለ።

ሕመሙ ከላይኛው ሆድ ተነሥቶ ወደ ጀርባ የሚወጋ፣ ማስመለስ የሚከተለው ጽኑ ሕመም ነው። እንዲህ ያለ ሕሙም በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ በወገዳም ይሁን በአርብ ገበያ፣ በነፋስ መውጫም ይሁን በመካነ ኢየሱስ ቢገኝ፣ «ጨጓራ ነው፣ ያልፋል» ተብሎ በቤት ሊቆይ አይገባውም፤ ጠበል የሚሻም ቢሆን ጠበሉ ሐኪምን አይከለክልምና፣ ፈጥኖ ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ፣ ካስፈለገም ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ይወሰድ።

ከአምስት ሕሙማን አራቱ ያህል ደዌያቸው ቀላል ሆኖ በጥቂት ቀናት ይሻላቸዋል፤ ዳሩ ግን የሕመሙ መተው የጥገናው ፍጻሜ አይደለም። ቍስሉ በደረሰ ጊዜ ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የዕድገት አዛዥ የሆኑ ጥቃቅን ንጥረ ነገሮችን ይላላካሉ፤ የእነዚህን ምሥጢር ለዓለም የገለጡት ስታንሊ ኮኸንና ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒም ስለዚሁ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1986 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ከአዛዦቹ ኢ.ጂ.ኤፍ. እና ኤች.ጂ.ኤፍ. የተባሉት ከጥፋት የተረፉት ሕዋሳት እንዲበዙ ያነቃቃሉ፤ ቲ.ጂ.ኤፍ. ቤታና ፒ.ዲ.ጂ.ኤፍ. የተባሉት ደግሞ በቆሽት ውስጥ በጸጥታ የሚኖሩትን ኮከብ መሰል ሕዋሳት ይቀሰቅሳሉ፤ እነዚህም ኮላጅን የሚባለውን ጽኑ ክር እያመነጩ የተጎዳውን ስፍራ ይደግፋሉ። ይህ ድጋፍ የቤተ ክርስቲያን ግንብ ሲታደስ ዙሪያውን እንደሚተከለው የእንጨት መወጣጫ ነው፤ ሥራው እስኪፈጸም ግድ ያስፈልጋል፣ ሥራው ከተፈጸመ በኋላ ግን መነሣት አለበት። ስለዚህ ጭማቂ አመንጪዎቹ ሕዋሳት ሲታደሱ፣ ኮላጅንን የሚያሟሙ ኢንዛይሞች ትርፉን ያነሡታል፣ ኮከብ መሰሎቹም ከፊላቸው ወደ ቀድሞ ጸጥታቸው ይመለሳሉ፣ ከፊላቸውም ይሞታሉ፤ ብልቱም ቀስ በቀስ የጥንት መልኩን ይይዛል።

ነገር ግን ሕሙሙ ሕመሙ ስለ ተወው ብቻ ወደ አረቄው የተመለሰ እንደ ሆነ፣ አልኮሉና ከአልኮሉ የሚወጣው አሴታልዲሃይድ እነዚያን ኮከብ መሰል ሕዋሳት ዳግመኛ ይቀሰቅሷቸዋል፤ ትንባሆም ጉዳቱን ያከፋዋል። የፊተኛው ኮላጅን ሳይነሣ ሌላ እየተደረበበት፣ ለስላሳ የነበረው ሥጋ ወደ ጠባሳ ይለወጣል። ያን ጊዜ ጭማቂው ስለሚጎድል ቅባት ሳይፈጭ በሰገራ ይወጣል፣ ሰውነት ይከሳል፣ ኢንሱሊን ሲያንስም የስኳር በሽታ ይከተላል፤ ይህንንም ጠባሳ ወደ ቀድሞ ሥጋ የሚመልስ መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም።

እንግዲህ ጥገናውን በሥጋችን ውስጥ የሚፈጽመው ተፈጥሮ ሲሆን፣ ከእኛ የሚፈለገው እንዳናፈርስበት ነው። ሕሙሙ መጠጥንና ትንባሆን ፈጽሞ ይተው፤ መብላት እንደ ቻለም ሐኪሙ እንደሚያዝዘው፣ ቅባት ያልበዛበትን ምግብ ጥቂት በጥቂት ይብላ፤ ጾም የደረሰበት እንደ ሆነ፣ ቤተ ክርስቲያን ሕሙምን አታስገድድምና ከነፍስ አባቱ ጋር ይማከር። መነሻው የሐሞት ጠጠር የሆነበት ሰው ስለ ቀዶ ሕክምና ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ወስፋት የሆነበት ቤት መድኃኒቱን ይውሰድ፣ በመጸዳጃ ቤትና በእጅ መታጠብም ይጠበቅ።

ከሁሉ ይልቅ የማሳስበው ግን ሕሙሙን ሳይሆን እኛን ነው። በማኅበር፣ በሰንበቴ፣ በክርስትናና በሠርግ «በሞቴ፣ አንዲት ብቻ» እያልን የምናስገድደው በፍቅር ነው፤ ነገር ግን ከቆሽት ብግነት ለተነሣ ሰው ያች አንዲት መለኪያ የጥገናውን ሥራ ታፈርስበታለች። ስለዚህ የማኅበር ሙሴዎችና የእድር ዳኞች፣ ሐኪም መጠጥ የከለከለውን ሰው ማንም እንዳያስገድደው በየጉባኤያችሁ ደንብ እንድታደርጉ፣ ካህናት አባቶችም ይህንኑ በትምህርታችሁ እንድታጸኑልን እለምናለሁ።