የመሐላ ዕለት ንግግር፤ ዓላማውና አነጋገሩ

(በመምህራን ጉባዔ ላይ የተሰጠ ንግግር)



በመምህራን ፊት ስለ ንግግር መናገር ድፍረት መሆኑን ዐውቃለሁ፤ እያንዳንዳችሁ በየቀኑ በዐርባና በአምሳ ዳኞች ፊት ቆማችሁ የምትናገሩ ናችሁና። ሆኖም የጉባዔው አዘጋጆች አንድ ነገር እንድናገር ስላዘዙኝ፣ አዲስ የተመረጠ ፕሬዚዳንት መሐላ በሚፈጽምበት ዕለት ለሕዝቡ ስለሚያሰማው ንግግር ጥቂት ላሳስባችሁ እወዳለሁ።

ይህን ርእስ የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የታላላቅ ሰዎችን ንግግር ለተማሪዎቻችን ስናስነብብ ዘወትር የምንጠይቃቸው «ተናጋሪው ምን አለ?» ብለን ነው። «ለማን ተናገረ?» ብለን የምንጠይቅ ግን ጥቂቶች ነን። እኔም ብዙ ዓመት ያስተማርሁት በዚያው መንገድ ነበር። ስሕተቴን የገለጠልኝ ይህ የመሐላ ዕለት ንግግር ነው።

ምሳሌዎቼን አብዛኛውን ከአሜሪካ እወስዳለሁ፤ ዘመኑንም በአውሮፓ አቆጣጠር እናገራለሁ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ከአዲሱ ፕሬዚዳንት የሚጠይቀው መሐላ ብቻ ነው፤ መሐላውም በእንግሊዝኛው 35 ቃል ነው። ንግግር ያድርግ የሚል ሕግ የለም። ልማዱን የጀመረው ጆርጅ ዋሽንግቶን ነው። ኤፕሪል 30 ቀን 1789 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከተማ፣ በሰገነት ላይ ሆኖ ከማለ በኋላ ወደ ውስጥ ገብቶ ለሁለቱ ምክር ቤቶች አባሎች ንግግሩን አነበበ። በዚያ የነበረ አንድ ሴናተር በዕለት ማስታወሻው እንደ ጻፈው፣ መድፍ ያላስደነገጠው የጦር መሪ በዚያ ሰዓት ይንቀጠቀጥ ነበር። (በመስከረም ወር አዲስ ክፍል ፊት የቆመ መምህር በዚህ አይፈርድበትም።) ንግግሩን በማርቀቅ የረዳው ጄምስ ማዲሰን ነው። የሕዝብ እንደራሴዎቹ ለንግግሩ መልስ ለመስጠት በፈለጉ ጊዜ መልሱን የጻፈው ያው ማዲሰን ሆነ፤ ዋሽንግቶን ለመልሱ የሰጠውንም መልስ ያረቀቀው እርሱ ነው። እንዲህ ሆኖ አንድ ሰው ከራሱ ጋር ተጻጻፈ።

እንግዲህ ሕግ ያላዘዘው ንግግር ለምን አስፈለገ? በአገራችን በቈየው ልማድ ባለሥልጣን ቃሉን የሚያሰማው በአዋጅ ነበር። ነጋሪት ተጐስሞ፣ «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ተብሎ ይነገራል፤ ሰሚው ቢወድም ቢጠላም አዋጁ አዋጅ ነው። ፉከራ ደግሞ የድል አድራጊ ንግግር ነው፤ የወደቀውን ይዘልፋል፣ የራሱን ወገን ልብ ያሞቃል። የምርጫ ጊዜ ንግግርም ከፉከራ ብዙ አይርቅም። የመሐላ ዕለት ንግግር ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ትናንት የአንድ ወገን ሰው የነበረው ዛሬ የሁሉ ሆኖ ይቆማል። ያልመረጡትም ሰዎች «እኛስ በአንተ ዘመን ምን ቦታ ይኖረናል?» ብለው በልባቸው ይጠይቁታል። ንግግሩ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው፤ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው ብል ከእውነቱ ብዙ የራቅሁ አይመስለኝም።

ጥያቄው በአሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጥ የታየው ማርች 4 ቀን 1801 ዓ.ም. ነው። ቶማስ ጄፈርሰን መራራ ከነበረ ምርጫ በኋላ ሥልጣንን ከተቃዋሚው ወገን ተረከበ፤ የተሸነፈው ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ ገና ሳይነጋ ከተማውን ለቆ ሄዶ ነበር። ጄፈርሰን የሁለቱን ወገኖች ስም ጠርቶ፣ ሁላችንም የሁለቱ ነን ሲል ተናገረ። ድምፁ ደካማ ስለ ነበረ በአዳራሹ ውስጥ በደንብ የሰሙት ጥቂቶች ናቸው፤ ነገር ግን ጽሑፉን አስቀድሞ ለጋዜጣ ሰጥቶ ስለ ነበረ ሕዝቡ በዚያው ዕለት አነበበው።

ርዝመት ለንግግር ክብር እንደማይጨምርም ከእነዚሁ ሰዎች ታሪክ እንረዳለን። ዋሽንግቶን በ1793 ዓ.ም. ለሁለተኛ ጊዜ ሲምል የተናገረው 135 ቃል ነው። ዊልያም ሄንሪ ሃሪሰን ግን በ1841 ዓ.ም. በብርድ ቆሞ ከ8,000 የሚበልጥ ቃል ሁለት ሰዓት ያህል አነበበ፤ በወሩም ሞተ። ንግግሩን ዛሬ ከታሪክ ሊቃውንት በቀር የሚያነበው ሰው አይገኝም።

ጆን ኬኔዲ ጃንዋሪ 20 ቀን 1961 ዓ.ም. ያደረገው ንግግር በየትምህርት ቤቱ የታወቀ ነው። ተማሪዎች የሚወዱት ቃላቱን እያገላበጠ፣ ፊተኛውን ኋለኛ እያደረገ ስለሚናገር ነው፤ ይህ ግን በቀላሉ የሚቀዳ ጌጥ ስለ ሆነ አስቀድሞ እርሱን ማስተማር አልወድም። ይልቅስ የሚናገርላቸውን ሰዎች ይቍጠሩ። የቀድሞ ወዳጆቹን፣ በዚያ ሰሞን ከቅኝ ግዛት የወጡትን አዳዲስ መንግሥታት፣ ከአገሩ ድንበር በስተደቡብ ያሉትን ሪፐብሊኮች፣ ባላንጣዎቹንም ሳይቀር በየተራ ይጠራል። ከቈጠሩ በኋላ ያልጠራቸውን ይፈልጉ። በገዛ አገሩ ለመብታቸው ይታገሉ ስለ ነበሩት ጥቁሮች በቀጥታ የተናገረው ከምንም አይቈጠርም።

ይህን ልምምድ በአማርኛ ስናሠራ አንድ ችግር ያጋጥመናል። በእንግሊዝኛ «እኔ» እና «እኛ» ለብቻቸው ይቆማሉ፤ በአማርኛ ግን ባለቤቱ በግሡ ውስጥ ተሸሽጎ ይገኛልና፣ ተማሪው «አደርጋለሁ» እና «እናደርጋለን» የሚሉትን እየለቀመ ማስመር ይኖርበታል። ከዚያም የሚከብደው ጥያቄ ይመጣል፤ «እናደርጋለን» ያለው ከማን ጋር ሆኖ ነው? ከወገኖቹ ጋር ነው ወይስ ከሚሰሙት ሁሉ ጋር?

ኔልሰን ማንዴላ ሜይ 10 ቀን 1994 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ሲናገር ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ ግልጥ ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት የታሰረው ይህ ሰው፣ የቀድሞውን ፕሬዚዳንት ደ ክለርክን ሁለተኛ ምክትሌ ብሎ በማዕርጉ ጠራው። ስለ አገሩ አፈርና ስለ ፕሪቶሪያ የጃካራንዳ ዛፎችም ተናገረ፤ አፈሩ የሁሉም ነውና ነጩም ጥቁሩም በዚያ ቃል ውስጥ ቦታ አገኘ። በአገራችን ሰሜን የተደረገው ጦርነት እንዲቆም ስምምነት የተፈረመው በዚያችው ከተማ፣ በ2022 ዓ.ም. ነው። በአንድ ወንበር የሚቀመጡ የሁለት ወገን ልጆችን የምናስተምር መምህራን ስለዚህ ነገር ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም።

አሁን ከሁሉ አብልጬ ወደምወደው ንግግር ልምጣ። ማርች 4 ቀን 1865 ዓ.ም. አብርሃም ሊንከን ለሁለተኛ ጊዜ ሲምል፣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት አራት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ቀርተውት ነበር። የሰሜኑ ጦር ለድል ተቃርቧል። በዋሽንግቶን ጧት ዝናም ዘንሞ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ሳለ፣ ሕዝቡ በምክር ቤቱ ሕንፃ ፊት ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ልጁን የቀበረ፣ እጁን ያጣ ሰው በዚያ መኖሩን መገመት አያስቸግርም። በእኛ አገር ቢሆን ይህ የፉከራ ሰዓት ነው።

ሊንከን ግን አልፎከረም። ስለ ጦሩ መበርታት በአጭሩ ጠቅሶ አለፈ። ንግግሩ በሙሉ 700 ቃል ያህል ነው፤ «ጠላት» የሚል ቃል በውስጡ አይገኝም። «ሁለቱም» የሚለው ቃል ግን ይደጋገማል። ሁለቱም ወገኖች አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ያነባሉ፣ ወደ አንድ አምላክ ይጸልያሉ፣ እያንዳንዱም በሌላው ላይ እንዲረዳው ይለምናል አለ። ይህን ያለው እውነቱን ለመሸፈን አልነበረም። የጦርነቱ ምክንያት ባርነት መሆኑን በግልጥ ተናገረ፤ ነገር ግን የደቡብ ባርነት አላለም፣ የአሜሪካ ባርነት አለ እንጂ። በዚች በአንዲት ቅጽል የሰሜኑን ሰው ከተከሳሾቹ ወንበር አስቀመጠው። መከራው ለሁለቱም የመጣ ፍርድ ሊሆን እንደሚችል አመለከተ። በመጨረሻም የተዋጋውን፣ የባል አልባዋንና የሙት ልጁን ነገር ሕዝቡ እንዲያስብ ሲያሳስብ የየትኛው ወገን እንደ ሆኑ አልተናገረም።

ሰው ከአምላኩ ሐሳብ የተለየ ሐሳብ እንደ ነበረው ሲነገረው እንደማይደሰት ሊንከን ራሱ ከጥቂት ቀን በኋላ ለአንድ ወዳጁ ጽፏል። ንግግሩን ባደረገ በ41ኛው ቀን በጥይት ተመታ።

በዚያ ሕዝብ መካከል ፍሬድሪክ ዳግላስ ቆሞ ይሰማ ነበር። በባርነት ተወልዶ በ1838 ዓ.ም. ያመለጠ፣ ኋላም የታወቀ ተናጋሪና ጸሐፊ የሆነ ሰው ነው። በዚያው ቀን ማታ ወደ ፕሬዚዳንቱ ቤት ግብዣ ሲሄድ ዘበኞቹ ጥቁር በመሆኑ በበር ላይ ከለከሉት፤ ወደ ሊንከን መልእክት ልኮ በመጨረሻ ገባ። ሊንከንም በእንግዶቹ ሁሉ ፊት ወዳጄ ብሎ ተቀበለውና፣ ከእርሱ አስተያየት አብልጦ የሚያከብረው እንደሌለ ነግሮ ንግግሩ እንዴት እንደ ነበረ ጠየቀው። ዳግላስም፣ ክቡር ፕሬዚዳንት ሆይ፣ የተቀደሰ ድካም ነበረ ሲል መለሰለት።